ወርቁ አምስት በመቶ

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር፣ በዚች ቆርቆሮ ቤት
ሦስተኛ ሌሊቴ፣ ሜትር ይዤ ስሟገት።
ደጅ፣ ከደንገሉ ውስጥ፣ ጉማሬ ያስነጥሳል፤
እዚህ አንድ ቁጥር ነው፣ ለሁሉ ይመልሳል፦
አሥር ነጥብ ስድስት።
ሽቦውን ብነካው፣ ብነቅል፣ ብመልሰው፣
ብለምን፣ ብማጠን፣ ብቆጣው እንደ ሰው፣
አሥር ነጥብ ስድስት።

ሥራዋ ቀላል ነው የዚች ትንሽ ጥቁር፦
ሁለት ወሬ ሰምታ፣ የጋራውን ትታ፣
ልዩነቱን ብቻ፣ በአሥር አባዝታ፣
ጮክ ብላ መናገር።

አንዱ ጆሮ ውኃ ውስጥ፣ ከወደቡ እግር፣
ሌላው ከምሰሶ ጫፍ፣ ከአሞራ ጋር ሲያድር፣
ሁለቱም ሰማዩን እኩል ተሸክመዋል፤
ሰማይ ከሰማይ ላይ ሲቀነስ ይጠፋል፣
የሚተርፈው ጣና ነው፤
በቮልት የተጻፈ፣ የዛሬ ሌሊት ቁመቱ፣
እምቦጭ ቢያለብሰው፣ ቢሸፈንም ፊቱ።

ባንቺአምላክ ወደብ ላይ ለክታ ደወለች፤
«ሁለት ነጥብ አምሳ፣ ሁለት ነጥብ አርባ ሰባት» አለች።
ቀነስኩት፣ አበዛሁት፤
ዜሮ ነጥብ ሦስት ነበር ላየው የጓጓሁት።

መጀመሪያ ቺፗን ወቀስኩ። ዝም የሚል ይወቀሳል።
ከአስናቀው ሱቅ ሄጄ፣ የራት ብሬን ከፍዬ፣
ሌላ ሰባት አርባ አንድ ተካሁ፣ ያችን ነቅዬ።
አሥር ነጥብ ስድስት።
ኃይሉን አየሁ፦ ሰባተኛው እግር ላይ አሥራ ሁለት፣
አራተኛው ላይ ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት፤
ምንም የለበት።
ስልኬን በጥርሴ ነክሼ፣ በብርሃኑ፣
አራቱን ሬዚስተር ደረደርኩ እንደ መቁጠሪያ፦
ቡኒ፣ ጥቁር፣ ብርቱካን፤ ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፤
ሁሉም ላይ ወርቅ ለማሳረጊያ።
ትክክል ናቸው።
ብቻ እጄን ወደ ገመዱ ሳስጠጋ
ቁጥሩ ይበረግጋል፣ እንደ ወፍ መንጋ።

ጋሽ ይበልጣል መጡ፤ ከፖሊ በጡረታ የወጡ፣
የዝናብ ልብሳቸውን ሚስማር ላይ ሰቅለው ተቀመጡ።
አንዷን ሬዚስተር አነሡ።
«ይህ ወርቁ ምንድን ነው?»
«ስሕተቱ ነው፣ ጋሼ። አምስት በመቶ።»
ሳቁ። «በኛ ጊዜ ወርቅ እውነቱ ነበር፣ ከሰም ሥር ተከቶ።»

ቺፗን አልነኩም። በመስኮት ገመዱን ተከትለው አዩት፣
ወደ ጨለማው፣ ወደ ወደቡ፣ እስከሚጠፋበት።
«የዚያ ባትሪው የማን ነው?»
«የሞተር ሳይክሌ።»
«የዚህችስ ኃይል?»
«ከግድግዳው፣ ከሶኬቱ።»
«ተዋውቀዋል?»

ዝም አልኩ።
ሦስተኛውን ሽቦ፣ ስልሳ ሜትር፣ ለቁጠባ ትቼዋለሁ፤
ሁለት ነጥብ አምሳ ከምን ተነሥቶ፣ ከማን መሬት፣
ሳልጠይቅ ዘልዬዋለሁ።
ስምንት እግር እያላት
መሬት አላስረገጥኳት።

«ሰው እንኳ ሊጣላ» አሉ፣ የዝናብ ልብሳቸውን ሲለብሱ፣
«የጋራ መሬት ይሻል፤ አለዚያ በምን ይለካል ክሱ?»

ከሦስት ጣሪያ የዲሽ ገመድ ለምነን፣ ቀጣጥለን፣
ባንቺአምላክ በእጅ ባትሪ ጉማሬውን ስትጠብቅልን፣
በጭቃው፣ እስከ ጉልበታችን፣
ዜሮን ከዜሮ አሰርን።

ቁጥሩ ወረደ።
ዜሮ ነጥብ ሦስት ሁለት። ሦስት አንድ። ሦስት ሦስት።
ሞገድ ነው፤
ጣና በእንቅልፉ ሲተነፍስ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲልበት።
«ሁለቷ ትርፍ ናት፣ ጋሼ። ሦስት ብቻ ነበር የሚጠበቀው።»
«ተዋት። ወርቁ ናት።»

ሊነጋ ሲል፣ ወደ ቤት ስሄድ፣ ኪሴ ውስጥ ወጋችኝ፤
ያቺ የነቀልኳት ቺፕ፣ ምንም ያልበደለችኝ፣
በስምንት እግሯ።